ቅባት የጠጣው የመሰንቆ ጭራ

ሩታ ትባላለች። ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቤቷ ሜልቦርን፣ ኮሊንግዉድ ሰፈር፣ ከእነዚያ ረጃጅም የመንግሥት ሕንፃዎች በአንደኛው፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እዚያ ከእናቷ ከራሄል ጋር ትኖር ነበር።

ልጆች፣ ነገሩ ከሆነ ስድስት ዓመት አልፎታል። አንዳንዶቻችሁ አልተወለዳችሁም። አንተ እንኳ፣ አዎ አንተ፣ ጥርስ አላበቀልክም ነበር፤ ምን ያስቅሃል? ያኔ እንደ አሁኑ እስከ ከተማው ዳር፣ ፖይንት ኩክ ድረስ አልተበታተንንም። ግማሾቻችን በአንድ ሊፍት የምንወጣና የምንወርድ ጎረቤታሞች ነበርን። ሰንበት ትምህርት ቤታችንም እዚያው ሕንፃ ሥር ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ወንበሮቿ አንዱ ካንዱ አይመሳሰሉም። ወጥ ቤቷ ውስጥ አንድ ሰው ከገባ ሌላው ውጪ ቆሞ ይጠብቃል። አሁን ይሄን የመሰለ ሰፊ አዳራሽ አለን፤ ተመስገን ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ? ያቺ ክፍል ትናፍቀኛለች።

በዚያው ሕንፃ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ጋሼ ኃይለመስቀል ይኖሩ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸው ነጭ የሆነ ሽማግሌ ናቸው። መሰንቆ የሚያስተምሩን እሳቸው ነበሩ። መሰንቆ ታውቃላችሁ፤ ያው ከኋላዬ የተሰቀለው። እዩት እስቲ። እላዩ ላይ የተወጠረው ጭራ ነው። የሚመታበት ደጋንም የተወጠረበት ጭራ ነው። ሁለቱም የፈረስ ጭራ ናቸው። ግን ባዶ ጭራ በባዶ ጭራ ላይ ቢሄድ ድምፅ የለውም፤ ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ስለዚህ የደጋኑን ጭራ በሙጫ ያሹታል። ሙጫ ከዛፍ ይፈስና ይደርቃል፤ ሲደርቅ እንደ ጠጠር ይሆናል። በሙጫ የታሸ ጭራ ይሻክራል፣ ይይዛል፤ ያን ጊዜ ነው መሰንቆ የሚናገረው።

ጋሼ የሚያሹበት ሙጫ የሱቅ አልነበረም። ከአገራቸው ሲወጡ በኪሳቸው ይዘውት የወጡት ነው። በመተማ አድርጎ ገዳሪፍ ገብቷል፤ ስንት ዓመት ሱዳን ተቀምጦ፣ በአውሮፕላን ሜልቦርን መጥቷል። «ስወጣ የእንቁላል ያህል ነበር» ይሉን ነበር። እኛ ስናየው የባቄላ ፍሬ ያህል ቀርቶታል። በክብሪት ቤት ውስጥ፣ በጥጥ ጠቅልለው ያስቀምጡታል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምድ ከመጀመራችን በፊት አንድ ልጅ ይመርጡና ሙጫውን ይሰጡታል።

«እጅህን ታጠብ። ጭራውን በጣትህ እንዳትነካ፤ የሰው ጣት ቅባት አለው። ሦስቴ ወደ ላይ፣ ሦስቴ ወደ ታች። በቃ!»

ልጆች፣ ይህን መመረጥ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዱ ልጅ ከተመረጠ ያን ሳምንት ሙሉ እየተንጎራደደ ነው የሚሄደው።

ሩታ ጎበዝ ልጅ ነበረች። ትምህርቷን ታጠናለች፣ ወንበር ትሰበስባለች፣ ለትንንሾቹ ጫማ ታስራለች። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እኔም በጣም እወዳት ነበር። አንድ ክፉ ነገር ግን በልቧ ነበር፤ ሁልጊዜ አንደኛ እሷ እንድትመሰገን ትፈልጋለች። ሌላው ሲመሰገን ትቀናለች። ከእናንተ መካከል እንዲህ የሚሆን የለም አይደል? የለም? እሺ፣ አምኛለሁ።

መክብብ ደግሞ ነበረ። አሥር ዓመቱ። ኧረ የእሱ ነገር! ሊፍት ውስጥ ገብቶ የሁሉንም ፎቅ ቁጥር ተጭኖ ይወርዳል። አንድ ቀን እኛ ዓይናችንን ጨፍነን ስንጸልይ፣ በር ላይ ያወለቅነውን ጫማ ማሰሪያውን እርስ በርሱ ቋጥሮ፣ ሃያ ሰው ወጥቶ ሲደነቃቀፍ! በስንቱ ተቆጥቼዋለሁ። ድምፁ ግን፣ ልጆች፣ ሲዘምር እኔ ራሴ ማስተማሬን እረሳ ነበር። ለዚህ ነው መዝሙሩን እንዲመራ የሾምኩት።

ጊዜው ጥር ነው፤ የእዚህ አገር የሙቀት ወር። ገና ካለፈ በኋላ ባለው እሁድ የልጆች የመዝሙር ዝግጅት ነበረን። ይህ ዝግጅት ደግሞ እንደ ሌላው ጊዜ አልነበረም። ጋሼ ኃይለመስቀል ሰኞ ዕለት ሜልቦርንን ለቀው፣ ሩቅ ያለች ከተማ ፐርዝ፣ ልጃቸው ጋ ሊኖሩ ነው። ለእኛ መሰንቆ የሚመቱልን የመጨረሻ ቀን ያ እሁድ ነበረ።

ከዝግጅቱ በፊት ያለው ቅዳሜ ሙቀቱ አይጣል ነው። መንገዱ ይግላል፣ ንፋሱ ይግላል። ክፍላችን ውስጥ የነበረችው አንዲት ማራገቢያ ጫጫታዋ እንጂ ንፋሷ አይደርሰንም። ጋሼ ክብሪት ቤታቸውን አወጡ። ልጁ ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ሩታ ከሁሉም ፊት ተቀምጣለች። ሁለት ወር ሙሉ ስትጠብቅ የነበረችው ይህችን ቀን ነው።

«መክብብ፣ ና» አሉ ጋሼ።

«እሱ?» አለች ሩታ፤ ሳታስበው አመለጣት።

መክብብ እጁን ታጥቦ መጣ። ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ ሦስቴ ወደ ላይ፣ ሦስቴ ወደ ታች አሸ። ጋሼ ደጋኑን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት።

«ይቺ ጭራ ጠቁራለች» አሉ። «የስንት ዓመት አቧራና የስንት ልጅ ጣት ነው። ከበዓሉ በኋላ አጥባታለሁ።»

ሩታ ይህን ሰማች። ሰምታም ያዘችው።

ከሰዓት በኋላ እረፍት ሆነ። ጋሼ መድኃኒታቸውን ለመዋጥ ወደ ቤታቸው ወጡ። እኔ ልጆቹን ይዤ ከሕንፃው ጥላ ሥር ወዳለው መጫወቻ ሄድኩ። ሩታ «ሆዴን አሞኛል» አለችኝ። «እንግዲያው አረፍ በይ» ብዬ ትቻት ወጣሁ። ልብ በሉ፣ ሆዷን አላመማትም።

ብቻዋን ስትቀር ደጋኑን ከተሰቀለበት አወረደች። «አጥቤ ባቆየውስ?» ብላ አሰበች። «ጋሼ ሲመለሱ ንጹሕ ሆኖ ያገኙታል። ማን ነው ይሄን የሠራው ይላሉ። እኔ ነኝ እላለሁ። ያን ጊዜ ከመክብብ የምሻል መሆኔን ያውቃሉ።»

አያችሁ ፈተና እንዴት እንደሚመጣ? «ክፉ ሥራ ሥሪ» ብሎ አይመጣም። «ጥሩ ሥራ ሥሪ፣ ግን ተደብቀሽ ሥሪ» ብሎ ነው የመጣባት።

ወጥ ቤት ገባች። ጭራውን በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አሸችው። ውሃው ጥቁር ሆኖ ወረደ። ደስ አላት! በወረቀት ፎጣ አደረቀችው። ግን ጭራው ሲደርቅ ተንጨፈረረ፤ ደረቅ፣ ወዝ የሌለው ሆነ። ሩታ ደነገጠች። ከዚያ የእናቷ ቃል ትዝ አላት። እናቷ ራሄል ፀጉሯን ባጠበቻት ቁጥር «ፀጉር ታጥቦ ካልተቀባ ይሰባበራል» ትላታለች። የፈረስ ጭራስ ፀጉር አይደል?

ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ቦርሳዋ ውስጥ የፀጉር ቅባት ነበረ። ራሄል ከተማ መሃል ቢሮ ታጸዳለች፤ የቅዳሜ ሺፍቷ አሥር ሰዓት ላይ ያልቃል። ከዚያ መጥታ ለበዓሉ ሹሩባ ልትሠራት ስለነበር፣ ቅባቱን በቆርቆሮው ሞልታ ጠዋት ይዛው እንድትመጣ ሰጥታታለች። ሩታ በሁለት ጣቷ ዛቀች። ከላይ እስከ ታች ቀባችው። አንዴ አልበቃትም፤ ደገመች። ጭራው ለስልሶ አበራ። የእሷ ፀጉር እንኳ እንዲያ አያበራም!

ይህን ጊዜ በሩ ተንኳኳና መክብብ ገባ። አንድ እጁ ቺፕስ ይዟል። ሩታ ደጋኑን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ምንም!»

መክብብ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገና ውሃ ሊጠጣ ወጥ ቤት ገባ። ሩታ ቶሎ ብላ ደጋኑን መልሳ ሰቀለችው። እኔም ያን ጊዜ ከውጪ ስመለስ፣ መክብብ ከወጥ ቤት እጁን በሱሪው እየጠረገ ሲወጣ አየሁት። ይህን አስታውሱልኝ።

ጋሼ ተመለሱ። መሰንቆውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ደጋኑን ሳቡት። ምንም። ደግመው ሳቡት። ደጋኑ ሙልጭ እያለ ይሄዳል፤ ድምፅ የለም። ልጆቹ ሳቁ። ጋሼ አልሳቁም። ጭራውን በሁለት ጣታቸው ያዙና ጣታቸውን ወደ ብርሃን አወጡት።

«ቅባት!» አሉ። «ማን ነው ቅባት ያስነካት?»

እንግዲህ ልጆቼ፣ እዚህ ላይ የሩታን ጥፋት ብቻ እየነገርኳችሁ የራሴን ብዘል እግዚአብሔርም አይወደው። እኔ መምህርታችሁ፣ ያኔ ቁጣዬ ቅርብ ነበር። አሁንስ? ዝም በሉ። ዘወር አልኩና ጮህኩ።

«መክብብ! በቺፕስ እጅህ ገብተህ ነካካኸው አይደል?»

«አልነካሁም!»

«ከወጥ ቤት ስትወጣ በዓይኔ አይቼሃለሁ!»

«ውሃ ልጠጣ ነው የገባሁት።»

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል!» አልኩት፤ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት። ከዚያ ወደ ሩታ ዞርኩ። «ሩታ፣ አንቺ እዚህ ነበርሽ። መክብብ ገብቷል?»

«የስ» አለች።

«ደጋኑን ነክቷል?»

ሩታ መሬት መሬት አየች። «እኔ ነኝ» ለማለት ይህ ጥሩ ጊዜ ነበር። ሁለት ቃል ናት። ግን ፈራች፤ አፈረችም። ጭንቅላቷን ወደ ታች ነቀነቀች። ነክቷል ማለቷ ነው።

«በቃ! ነገ መዝሙሩን አትመራም» አልኩት መክብብን። «ሩታ ናት የምትመራው።»

መክብብ አላለቀሰም። አልተሟገተም። ነጭ የመዝሙር ልብሱን አጣጥፎ ወንበር ላይ አስቀመጠና ወጥቶ ሄደ። እሱ ነገርን አጣጥፎ ሲያስቀምጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ያም አላስጠረጠረኝም፤ አይ እኔ!

ሩታ የምትፈልገውን ሁሉ አገኘች። ፊት ቆመች፤ መሪ ሆነች። ግን መዝሙሩን ስትጀምር ድምጿ አልወጣም። ሦስት ጊዜ ጀመረች፤ ሦስት ጊዜ ተሰበረባት። እኔ «ድንጋጤ ነው፣ ነገ ይለቃታል» አልኩ። ጋሼም መሰንቆውን አንግተው፣ ደጋኑን እንደ ታመመ ልጅ አቅፈው፣ ወደ ሊፍቱ ሄዱ።

ራሄል ከሥራ መጣች። ቤት ገብተው፣ እሷ ሶፋው ላይ ሩታ መሬት ትራስ ላይ ተቀመጡ። ግማሽ ጭንቅላቷን ሠርታላት ቅባቱን ለመጨመር ቆርቆሮውን ከፈተች።

«እንዴ! ጠዋት ሞልቼው አልነበር? ማን ዛቀው?»

ሩታ ትራሱ ላይ ተኮራመተች።

«ሩታዬ?»

ሩታ ፊቷን በእናቷ ጉልበት ላይ ደፍታ ማልቀስ ጀመረች። እያለቀሰች አንድ በአንድ ነገረቻት፤ ማጠቧን፣ መቀባቷን፣ ጭንቅላቷን መነቅነቋን። ራሄል እየሰማች ማበጠሪያውን አስቀመጠች።

«ተነሺ» አለቻት።

«ፀጉሬስ?»

«ፀጉርሽ ይቆይ።»

ሩታ ግማሽ ራሷ ሹሩባ፣ ግማሽ ራሷ ጎፈሬ ሆኖ፣ ከእናቷ ጋር በደረጃ ሦስት ፎቅ ወጣች። ሊፍት መጠበቅ አልቻሉም።

ጋሼ ኃይለመስቀል በሩን ከፈቱ። ከበሩ ጀርባ የታሸገ ሻንጣቸው ቆሟል። መስኮቱ ሥር ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ደጋኑና ያቺ ባቄላ የምታህል ሙጫ። ሲያሹት ነበር ለካ። ቅባት የጠጣ ጭራ ግን ሙጫ አይቀበልም።

ሩታ በአማርኛ ተናገረች።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። መክብብ አይደለም። አጥቤ የፀጉር ቅባት ቀባሁት። እንዲያምር ብዬ ነው።»

ጋሼ አፈጠጡባት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«የፀጉር ቅባት! ሹሩባም ልትሠሪለት ነበር?»

ሩታም እንባዋን እየጠረገች ፈገግ ልትል ስትል ጋሼ ሳቃቸውን አቆሙ።

«የጭራውስ ነገር ይታጠባል። መክብብስ?»

ሩታ ወደ እናቷ ተጠጋች።

«እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ትለኝ ነበር» አሏት።

ልጆች፣ ይህ ምን ማለት ነው? እግራችሁ ወለም ቢላችሁ እናታችሁ በቅቤ ታሽላችኋለች፤ ይድናል። ከአፍ ያመለጠ ነገር ግን ቅቤ አይደርስበትም። «እሷ እኮ አልተናገረችም፣ ራሷን ነው የነቀነቀችው» እንዳትሉኝ። መነቅነቅም መናገር ነው።

«ምን ላድርግ?» አለች ሩታ።

«ሂጂና ለራሱ ንገሪው። ለእኔ መናገር ቀላሉ ነው።»

ራሄል ደወለችልኝ። እኔ አራተኛ ፎቅ ነበርኩ፤ መክብብ ስድስተኛ ላይ ነው የሚኖረው። በሩ ላይ ተገናኘን። ሩታን በግማሽ ሹሩባ ሳያት «በስመአብ! ምን ሆናችሁ?» አልኩ። ራሄል «ቆይ፣ እሷ ትናገር» አለችኝ። መክብብ ኳሱን በብብቱ ይዞ በሩን ከፈተ።

«መክብብ፣ እኔ ነኝ የቀባሁት» አለች ሩታ። «ዋሸሁብህ። ይቅርታ።»

መክብብ ትከሻውን ነቀነቀ። «አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅክ?»

«ሸተተኝ። የእህቴም ፀጉር እንደዚያ ነው የሚሸተው።»

እኔ አላስቻለኝም። «ታዲያ አንተ ልጅ፣ ያን ሁሉ ስቆጣህ ለምን አልተናገርክም?»

መክብብ ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፤ ሰዓት የጠየቅኩት ያህል ነው ዝም ብሎ የመለሰልኝ።

«ብናገር ማን ያምነኛል? እኔ እኮ መክብብ ነኝ።»

ልጆች፣ አሥራ አምስት ዓመት አስተምሬያለሁ። እንደዚያ ቃል የመታኝ ነገር የለም። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ተንበረከክሁ። «ይቅር በለኝ የኔ ልጅ፤ ሳልጠይቅ ፈረድሁብህ» አልኩት። እንባዬም መጣ። መክብብ በእፍረት ሊሞት ደረሰ።

«እሺ፣ ኦኬይ ነው፣ እትዬ ፋናዬ፣ ይነሱ፣ ሰው ያያል!» አለ። ቀጥሎ የጠየቀው ስለ መዝሙሩ አልነበረም። «ደጋኑ ይድናል?» አለ።

ሁላችንም ወደ ጋሼ ቤት ወጣን። የጥር ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ጋሼ ለስኳራቸው መርፌ የሚጠቀሙበትን አልኮልና ጥጥ አመጡ። እንጨቱን አልኮል እንዳይነካው በጨርቅ ጠቀለሉት። ከዚያ ጭራውን በጥጥ ከላይ ወደ ታች ይጠርጉ ጀመር። ጥጡ ቅባት ጠጥቶ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ይጥሉታል፤ ሌላ ያነሣሉ። ስንት ጥጥ እንዳለቀ አላውቅም። ቀጥለው ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና አጠቡት፤ አለቀለቁት። ራሄል ጥርሱ የተጠጋጋ ማበጠሪያዋን ሰጠቻቸው፤ አንዱ ጭራ ካንዱ እንዳይጣበቅ ቀስ ብለው አበጠሩት።

«አየሽ?» አሏት ሩታን። «ማበጠሩ ትክክል ነው። ቅባቱ ብቻ ነው የማይሆነው።»

ደጋኑን መስኮቱ ላይ ሰቀሉት። ውጪ የሚነፍሰው የሰሜን ንፋስ እንደ ምድጃ ነው፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመን። እስኪደርቅ ድረስ ሐብሐብ በላን። ከአሥራ ሰባተኛ ፎቅ ከተማው ሁሉ ይታያል። ጋሼ አንዴ የከተማውን ሕንፃዎች፣ አንዴ ሻንጣቸውን ያያሉ። «ሃያ ዓመት ከዚህ መስኮት አይቻለሁ» አሉ። «ፐርዝ የልጄ ቤት ምድር ላይ ነው አሉ።»

«እጅ መታጠብ!» አሉ ድንገት፤ ተሰልፈን ታጠብን። እኔም ጭምር።

ጭራው ደርቋል፤ ነጭ ሆኗል። ጋሼ ሙጫውን በቢላ ጫፍ ጫር ጫር አደረጉትና ለመክብብ ሰጡት። «ዛሬ ሦስቴ አይበቃም። ታጥቦ ባዶ ሆድ ነው ያለው፤ ብዙ ይበላል።»

መክብብ አሸ። ደከመው፤ ለሩታ ሰጣት። ሩታ ጭራውን እንዳትነካ ትንፋሿን ይዛ አሸች። እኔም አሸሁ። ነጭ ዱቄት ጉልበታችን ላይ ይረግፋል። ጋሼ ደጋኑን መሰንቆው ላይ ነካ እያደረጉ ይሰማሉ፤ «ገና ነው» ይላሉ። ሙጫው ምስር አከለ፤ ከምስር አነሰ። በመጨረሻ በሩታ ጣቶች መካከል ተፈረፈረ።

«ጋሼ፣ አለቀ!» አለች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ከአገርዎ ያመጡት አለቀ! በእኔ ምክንያት!»

ጋሼ ፍርፋሪውን ከመዳፏ ወስደው ጭራው ላይ አራገፉት።

«ታዲያ ለምን ያመጣሁት ይመስልሻል?» አሏት። «ክብሪት ቤት ውስጥ ላኖረው? ለዚሁ ነው ያመጣሁት፤ ልጆች እንዲያሹት።»

ባዶውን ክብሪት ቤት ኪሳቸው ከተቱ። መሰንቆውን አነሡ፤ ደጋኑን ሳቡት። መጀመሪያ ሲጥ አለ። እንደገና ሳቡት፤ አሁን መሰንቆው ተናገረ። መክብብ ሳያስበው መዝሙሩን ጀመረው። ሩታ ተቀበለችው። ሁላችንም ተቀበልን። ከታችኛው ፎቅ በረንዳ አንድ ሰው አጨበጨበ።

በማግስቱ እሁድ መዝሙሩ ከመጀመሩ በፊት ልጆቹን ሰበሰብኩ። የመክብብ ስም የጠፋው በሁሉም ፊት ነበረና መመለስ ያለበትም በሁሉም ፊት ነው። ሩታ ቆመች። አሁን ሹሩባዋ አልቋል። በአማርኛ «ደጋኑን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ መክብብ አልነካውም» አለች። እኔም ቆሜ «ሌባ ላመሉ ያልኩት ስህተት ነው፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ። መክብብ ነጭ ልብሱን ለብሶ መዝሙሩን መራ። ሩታ ከኋላ ቆማ ተቀበለች። ድምጿ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ምን ይሰብረዋል? ጋሼ ኃይለመስቀል ዓይናቸውን ጨፍነው መቱ። እኔ እስከ ዛሬ ያን ቀን የመሰለ መሰንቆ አልሰማሁም።

ሰኞ ሄዱ። መሰንቆውን ለእኛ ተዉልን። ሁለት ዓመት ቆይተው ፐርዝ አረፉ። ነፍሳቸውን ይማር በሉ። አሜን።

ሩታ አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ትንንሾቹን ፊደል የምታስቆጥርላችሁ እሷ ናት። መክብብስ? ያው መሰንቆ የሚያስተምራችሁ መክብብ ነው፤ ሌላ መክብብ መሰላችሁ? አሁን የምናሸው የሱቅ ሙጫ ነው፤ ምን ይደረግ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማን እንደሚያሽ የሚመርጠውም እሱ ነው። እናንተ «ለምን ሁልጊዜ የሚረብሸውን ልጅ ይመርጣል?» እያላችሁ ታኮርፋላችሁ። አሁን ገባችሁ?

እንግዲህ ልጆቼ፣ ስታጠፉ ቶሎ ብላችሁ «እኔ ነኝ» በሉ እንጂ የራሳችሁን ጥፋት በሌላው ልጅ ስም ላይ አትቀቡ።